የትኛውን የምርመራ ልብ ወለድ ላንብብ? የትኛውንስ ልጻፍ?

«እስኪ አንድ ጥሩ የዲቴክቲቭ መጽሐፍ ጠቁመኝ።» ይህን ለሚል ሰው አንድ ርዕስ መጥራት የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። በዚህ አንድ ስም የምንጠራቸው መጻሕፍት በጣም ይለያያሉ። አንዱ ጭንቅላት ያሠራል። አንዱ ልብ ያንጠለጥላል። ሌላው ደግሞ ገዳዩን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያሳያችሁና «አሁን እንዴት እንደሚያዝ እዩ» ይላችኋል። የማይስማማው ዓይነት እጁ የገባ አንባቢ ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ መጽሐፉን ያስቀምጠዋል። «የወንጀል ታሪክ ለእኔ አይሆንም» ብሎም ይደመድማል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። በሐቀኝነት የመታለልን ያህል የሚጥም የንባብ ደስታ ጥቂት ነው፤ ይህ ሰው ግን ሳይቀምሰው ቀረ።

መጻፍ የሚፈልጉም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም የሚከብደውን ዓይነት ይዞ ይነሳል። መሃል ላይ ክሩ ይጠፋበታል። ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ርዕስ ከመምረጣችን በፊት ዓይነቱን እንምረጥ። ዓይነቱን ከመምረጣችን በፊት ደግሞ በምን እንደምንመዝን እንወቅ።

መለኪያዎቹ

ዋነኛው መለኪያ የሚይዛችሁ ጥያቄ ነው። ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ተሰረቀ ተባለ እንበል። ወሬውን ስትሰሙ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው ምንድን ነው? አንዳንዱ «ማን ነው?» ይላል። አንዳንዱ «በየት በኩል ገባ?» ይላል። አንዳንዱ «ምን ቢቸግረው ነው?» ይላል። «ተያዘ?» ብሎ የሚጠይቅም አለ። እያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ሌላ ዓይነት መጽሐፍ ይመራል። የእናንተን ጥያቄ ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ጨርሳችኋል።

ሁለተኛው ሐቀኝነት ነው። መርማሪው ያየውን ሁሉ እኛም አይተናል ወይ? ልጆች ሆነን «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» ብለን፣ ሲያቅተን ሀገር ሰጥተን መልሱን እንሰማ ነበር። ጥሩ እንቆቅልሽ መልሱ ሲነገር «እንዴት አጣሁት!» ያሰኛል። መጥፎው ደግሞ «ይህንን ማን ሊያውቅ ይችላል?» ያሰኛል፤ ሀገሬን መልስ ያስብላል። የምርመራ ልብ ወለድም የሚመዘነው በዚሁ ነው።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። ምን ያህል ደም አለ? ምን ያህል ጭካኔ? ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የምታነቡት ከሆነ ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። አራተኛው ጊዜ ነው፤ በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ አለ፣ ሳምንት የሚፈጅም አለ። አምስተኛው ቋንቋው ነው። አብዛኞቹ የምናገኛቸው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአንዱ እንግሊዝኛ ከሌላው እንዴት እንደሚለያይ ማየት ያስፈልጋል። ለጸሐፊ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መለኪያ አለ። ብዕር ከማንሳቱ በፊት ምን ያህሉን ነገር አስቀድሞ ማወቅ አለበት?

የመርማሪው አጭር ታሪክ

ነገሩ የጀመረው ከዚህ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው እንደዚሁ ናቸው) ፓሪስ ውስጥ የሚኖር አንድ አሰላሳይ ሰው ፈጠረ። ከእሱ በኋላ ሐኪሙ አርተር ኮናን ዶይል መጣ። እሱ የፈጠረው መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1887 ነው። በድምሩ 4 ልብ ወለዶችና 56 አጫጭር ታሪኮች አሉ። ዶይል ኤድንብራ ውስጥ ሕክምና ሲማር ጆሴፍ ቤል የሚባል መምህር ነበረው። ቤል በሽተኛው አፉን ሳይከፍት ከአለባበሱና ከአካሄዱ ተነስቶ ሥራውንና የመጣበትን ቦታ ይናገር ነበር። ሆልምስ የተቀዳው ከእሱ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ትልቁ ደስታ ከመርማሪው ጎን መቀመጥ ነው። ታሪኩን ብዙውን ጊዜ የሚነግረን ራሱ ሆልምስ ሳይሆን ጓደኛው ዋትሰን ነው። ዋትሰን ያያል፣ ግን አይገባውም። እኛም እንደሱ ነን። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። ለጸሐፊም ወርቅ ነው፤ አዋቂው ሰው የሚያስበውን ከአንባቢው ለመደበቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

በሐቀኝነት በኩል ግን ይጎድላል። ሆልምስ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሆነ ነገር ያያል። ምን እንዳየ የምንሰማው ብዙ ጊዜ ወንጀለኛው ከተያዘ በኋላ ነው። «ማን እንደሆነ እኔ ራሴ ላግኘው» የሚል አንባቢ ይናደዳል። «አዋቂ ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል» የሚል ግን ይጠግባል። እንግሊዝኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አንዳንድ ቃላቱ ያረጁ ናቸው። ታሪኮቹ አጫጭር ስለሆኑ ግን ያን ያህል አያሰለቹም።

ንጹሑ እንቆቅልሽ

እኔ ልቤ የሚያደላው ወደዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትታዘቡኝ።

ይህ ዓይነት ያበበው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል፣ በተለይም እንግሊዝ ውስጥ ነው። ንግሥቷ አጋታ ክሪስቲ ናት። የመጀመሪያ መጽሐፏ የወጣው በ1920 ነው፤ እስክትሞት ድረስ 66 የምርመራ ልብ ወለዶች ጽፋለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ማደያ ክፍል ትሠራ ነበር። በመጻሕፍቷ ውስጥ መርዝ የሚበዛው፣ መጠኑም ሆነ ምልክቱ በትክክል የሚጻፈው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቦታው የተዘጋ ነው፤ ደሴት፣ ባቡር፣ ከከተማ የራቀ ትልቅ ቤት። ተጠርጣሪዎቹ የተቆጠሩ ናቸው። ገዳዩ ከመካከላቸው ነው። ፍንጮቹ በሙሉ ፊታችን ተዘርግተዋል። ደራሲው ከአንባቢው ጋር ስምምነት አለው፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ሰፍሯል። በ1929 ሮናልድ ኖክስ የሚባል የካቶሊክ ቄስና የምርመራ ልብ ወለድ ጸሐፊ አሥር ሕጎች አወጣ። ወንጀለኛው ገና ከታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ መታየት አለበት። መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ መሆን የለበትም። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ለአንባቢው ወዲያው ማሳየት አለበት። መንፈስና ተአምር አይፈቀድም። ከአንድ በላይ ምስጢራዊ ክፍል አይፈቀድም። መንትያ ካለ አስቀድሞ ሊነገረን ይገባል። ኋላ እነዚህን ሕጎች በብልሃት ያፈረሱ ድንቅ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ሕጎቹን ማወቅ ግን ምን ዓይነት ጨዋታ ውስጥ እንደገባን ይነግረናል።

ለእኛ ይህ ዓይነት ባዕድ አይደለም። አፈርሳታን አስቡ። አንዳንዱ አካባቢ አውጫጭኝ ይለዋል። ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ይምላል። ይጠየቃል። እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። እዚያ ተቀምጦ ጎረቤቱን የሚመለከት ሰው ምን እያሰበ ነው? ከመሃላቸው አንዱ ያውቃል። ከመሃላቸው አንዱ ምናልባት አድራጊው ነው። የተዘጋ ቦታ፣ የተቆጠሩ ሰዎች፣ የሚጨምር ግፊት። እንግሊዞቹ በረዶና ማዕበል አምጥተው የሚፈጥሩትን ሁኔታ የእኛ ባላገር በሥርዓት ፈጥሮታል። ይህን ይዞ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ የሚጽፍ ደራሲ ቢመጣ ወረፋ ይዤ የምገዛው እኔ ነኝ።

የሌባ ሻይ ነገር ደግሞ በተቃራኒው በኖክስ ሕግ አይፈቀድም። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። ይህ ማስረጃ አይሆንም። ነገር ግን «ልጁ ለምን እዚያ ደጃፍ ላይ ወደቀ? ማን ነው ወደዚያ የመራው?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ አስተዋይ ሰው ታሪኩ ውስጥ ብታስገቡ ንጹህ እንቆቅልሽ አገኛችሁ።

ፍንጭ እንዴት እንደሚደበቅ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሰው ማክሰኞ ማታ ተገድሏል። በሁለተኛው ምዕራፍ ጎረቤትየዋ በር ላይ ቆማ ታማርራለች። የልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ጨምሯል። ደረጃውን የሚጠርግ ሰው ጠፍቷል። ማክሰኞ አመሻሹ ላይ ሄዶ እስኪነጋ ባልመጣው መብራት የተነሳ ሊጧ ሳይጋገር አድሮ ኮምጥጧል። ከላይ ያለው ጎረምሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲረማመድ አላስተኛ ብሏታል። አንባቢው ዓይኑ ጎረምሳው ላይ ይቀራል። አርባ ገጽ ቆይቶ እዚያው ፎቅ ላይ ያለ ሌላ ተከራይ ለፖሊስ ቃሉን ይሰጣል፦ «ቤቴ ነበርኩ። የሁለት ሰዓቱን ዜና በቴሌቪዥን አይቼ ተኛሁ።»

ሰውዬው ዋሽቷል። ማስረጃው ከመጀመሪያው እጃችን ላይ ነበር፤ እኛ ግን እንደ ቤት እመቤት ምሬት አልፈነዋል። ፍንጩ የተቀመጠው ዝርዝሩ መሃል ነው፤ መጀመሪያም መጨረሻም አይደለም። ከኋላው ደግሞ የበለጠ ጎላ ያለ ነገር ተከትሎታል። ይህን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነቡ ያችን የሊጥ ዓረፍተ ነገር ስታገኟት የሚሰማችሁ ደስታ ነው የዚህ ዓይነት ትልቁ ስጦታ። ከሁሉም ዓይነቶች ይበልጥ ዳግመኛ ማንበብ የሚክሰው ይህ ነው።

ድክመቱን አልደብቅም። ሰዎቹ አንዳንዴ ሥጋና ደም የላቸውም። ስም ይበዛል፤ ወረቀት ላይ እየጻፉ ማንበብ ይረዳል። ሟቹ ሲሞት የሚያለቅስለት የለም። «ምን ቢቸግረው ነው?» ለሚል አንባቢ ይህ ይጎረብጣል። የክሪስቲ እንግሊዝኛ ግን ግልጽና ቀላል ነው፤ ለቋንቋ ተማሪ እመክረዋለሁ።

ከዚህ ቅርንጫፍ የወጣ አንድ ለስላሳ ዓይነት አለ። ደም የለም ማለት ይቻላል። አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ ከ1998 ጀምሮ ቦትስዋና ውስጥ ስለምትሠራ አንዲት ሴት መርማሪ የጻፋቸው መጻሕፍት ጥሩ ማሳያ ናቸው። የጠፋ ባል፣ የሚያጭበረብር ሠራተኛ፣ ብዙ ሻይ። እንቆቅልሹ ቀላል ነው፤ ሰዎቹ ይወደዳሉ።

የጎዳናው መርማሪ

ይህ አሜሪካዊ ነው። ዳሽል ሃሜት ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት ፒንከርተን በሚባለው የግል መርማሪ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ ሠርቷል። ያየውን ነው የጻፈው። ወንጀሉን ከሀብታሞች ሳሎን አውጥቶ ወደ ጎዳና፣ ወደ ቁማር ቤት፣ ወደ ጉቦኛ ሹም ቢሮ ወሰደው። መርማሪው ብቻውን ነው። ገንዘብ የለውም። ይደበደባል። ይዋሻል። አንድ የማይሸጠው ነገር ግን አለው።

እዚህ እንቆቅልሹ ዋና ጉዳይ አይደለም። የሬይመንድ ቻንድለር የ1939 ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲለወጥ የፊልሙ ሠሪዎች «ሹፌሩን የገደለው ማነው?» ብለው ደራሲውን ጠየቁት። ደራሲው ራሱ አላወቀም። መጽሐፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰው የሚያነበው ለድምፁና ለከተማዋ ነው። «ፍንጩን ስጡኝ፣ እኔ ልፈታው» የምትሉ ከሆነ ይለፋችሁ። እንግሊዝኛውም በጊዜው የመንገድ ቋንቋ የተሞላ ስለሆነ ይከብዳል። የተጻፈው በአንደኛ መደብ፣ በአንድ ሰው ዓይን ስለሆነ ግን አዲስ አበባን፣ ዱባይን ወይም ዋሽንግተንን አጥብቆ የሚያውቅና የሚናገርበት ድምፅ ያለው ጸሐፊ ቢሞክረው ያምርበታል።

የፖሊስ ሥራ

እዚህ ጀግና ሰው የለም፤ ጀግናው ሥራው ነው። የተበተነ መዝገብ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ ሳምንት የፈጀ ጥበቃ። ስዊድናዊዎቹ ጥንዶች ማይ ሼቫልና ፔር ቫሉ ከ1965 እስከ 1975 አሥር መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ጽፈዋል። ዓላማቸው በወንጀል በኩል አገራቸውን መርምሮ ማሳየት ነበር። ዛሬ የሰሜን አውሮፓ የወንጀል ልብ ወለድ የምንለው ሁሉ በእነሱ ትከሻ ላይ ነው የቆመው።

በቤልጅጉ ጆርጅ ሲምኖን የተጻፉት የኮሚሽነር ሜግሬ መጻሕፍትም እዚህ ይመደባሉ፤ ግን የሚጠይቁት «ለምን?» ብለው ነው። አጫጭር ናቸው። ሲምኖን ቃላት ሆን ብሎ ይቆጥብ ስለነበር ለማንበብ አይከብዱም።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ዓይነት እንግዳ አይደለም። «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን ሲያነብ ያደገ ሰው የምርመራ መዝገብ እንዴት እንደሚተረክ ያውቃል። ለመጻፍ ግን ጥናት ይፈልጋል። ቃል እንዴት ይቀበላሉ? መዝገብ ወደ ዐቃቤ ሕግ የሚሄደው መቼ ነው? ተጠርጣሪ በስንት ሰዓት ፍርድ ቤት ይቀርባል? ይህን ሳያጣሩ መጻፍ ያስነቃል። የሙያው ሰው አንድ ገጽ አንብቦ ይተወዋል።

የተገለበጠው ታሪክ

ኦስቲን ፍሪማን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1912 ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ነገሩን ገለበጠው። መጀመሪያ ወንጀሉን ሲፈጸም አሳየን። ከዚያ መርማሪውን አመጣ። ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ሰው የት ላይ ነው የተሳሳተው? በቴሌቪዥን የኮሎምቦን ድራማ ያያችሁ ይህን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ጃፓናዊው ኬይጎ ሂጋሺኖም በ2005 ባወጣው በሰፊው በሚታወቅ መጽሐፉ ገዳይዋን ገና ከጅምሩ ያሳየናል። ሁሉንም እንዳየን እናስባለን። ቀሪውን ራሳችሁ ድረሱበት።

የሚገርመው ውጥረቱ ነው። ወንጀለኛውን ስለምናውቀው ከእሱ ጋር መጨነቅ እንጀምራለን። የረሳውን ብርጭቆ እኛ አይተናል። እሱ አላየም። መርማሪው እጁን ወደ መደርደሪያው ሲዘረጋ ትንፋሻችን ይቆማል። አንባቢን ከወንጀለኛ ጎን የሚያቆም ሌላ ዓይነት የለም ባልልም፣ እንዲህ በቀላሉ የሚያቆም የለም።

ጀማሪ ጸሐፊ ከዚህ ይጀምር የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ስምንት ተጠርጣሪ ማስተዳደር የለበትም። የሚደብቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስህተቱ። አንድ ሰው፣ አንድ ውሸት፣ አንድ የተረሳ ነገር ይበቃዋል።

ልብ አንጠልጣይና ስለላ

የአማርኛ አንባቢ በብዛት የሚያውቀው ይህንን ነው። ማሞ ውድነህ በተረጎሟቸው የስለላ ታሪኮች ያደገ ትውልድ አለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ በጦርነትና በፖለቲካ መሃል የስለላ ክር ይዞ ነበር። ኋላም የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በርካታ ወጣቶችን ወደ ንባብ መልሷል።

እነዚህን ከምርመራ ልብ ወለድ ጋር አንድ ማድረግ ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። የምርመራ ልብ ወለድ ወደ ኋላ ይጠይቃል፦ ምን ሆነ? ልብ አንጠልጣይ ወደ ፊት ይጠይቃል፦ ምን ይመጣ ይሆን? በአንዱ ቆም ብለን እናስባለን። በሌላው ማሰቢያ ጊዜ የለንም። «ዴርቶጋዳ»ን የወደደ ሰው የክሪስቲን መጽሐፍ ቢሰጡት ሊዘገይበት ይችላል። ቢያንስ ይህን ነግሮ መስጠት ይገባል።

ባጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | የሚይዘው ጥያቄ | ፍንጩ በእጃችን አለ? | ክብደት | የሚፈጀው ጊዜ | ለጸሐፊ |
|---|---|---|---|---|---|
| የመርማሪው አጭር ታሪክ | እንዴት አወቀ? | ብዙ ጊዜ የለም | ቀላል | አንድ ቁጭታ | መካከለኛ |
| ንጹሑ እንቆቅልሽ | ማን? እንዴት? | አዎ | ቀላል | ጥቂት ቀናት | በጣም ከባድ፤ ሙሉ ዕቅድ ይፈልጋል |
| ለስላሳው | ማን? | በከፊል | በጣም ቀላል | ጥቂት ቀናት | መካከለኛ፤ ሰዎቹ መወደድ አለባቸው |
| የጎዳናው መርማሪ | ከተማዋ ለምን እንዲህ ሆነች? | በከፊል | ከባድ | ጥቂት ቀናት | ድምፅ ላለው ሰው |
| የፖሊስ ሥራ | እንዴት ይደረስበታል? ለምን? | አዎ፣ ቀስ በቀስ | መካከለኛ እስከ ከባድ | እስከ ሳምንት | ጥናት ይፈልጋል |
| የተገለበጠው | ይያዛል? የት ተሳሳተ? | ከሚበቃው በላይ | መካከለኛ | አጭርም ረጅምም አለ | ለጀማሪ የሚመች |
| ልብ አንጠልጣይ | ምን ይመጣል? | አስፈላጊ አይደለም | ይለያያል | ቶሎ ያልቃል | ፍጥነት ይፈልጋል |

ለማን የትኛው?

መጽሐፍ ካነበባችሁ ከቆያችሁ በአጭሩ ጀምሩ። አንድ የሆልምስ ታሪክ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ ሊነበብ ይችላል። መጨረስ ራሱ ያበረታል።

እንግሊዝኛችሁን ማሻሻል ከፈለጋችሁ ክሪስቲ ወይም የተተረጎመ ሲምኖን ይሻላል። ለማወቅ ስለምትጓጉ መዝገበ ቃላት መክፈት አይሰለቻችሁም። ከትምህርት መጽሐፍ በላይ የሚሠራው ይህ ጉጉት ነው።

ደም የማይሆንላችሁ ከሆነ ለስላሳውን ምረጡ። ከዚያ ወደ ንጹሑ እንቆቅልሽ እለፉ። ሕግ የተማራችሁ፣ ጋዜጠኛ ወይም ፖሊስ ከሆናችሁ የፖሊስ ሥራን ሞክሩ፤ ስህተት እየፈለጋችሁ ማንበቡም ደስታ አለው። ሰውን በመረዳት የምትደሰቱ ከሆነ የተገለበጠውን አንብቡ።

ለቤተሰብ ወይም ለንባብ ቡድን የምመርጠው አንድ ብቻ ነው፤ ንጹሑ እንቆቅልሽ። ጮክ ተብሎ ይነበብ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደረስ መጽሐፉ ይዘጋ። እያንዳንዱ ገዳዩን በወረቀት ይጻፍ፤ ከስሙ ጎን ማስረጃውን ይጻፍ። ያለ ማስረጃ በግምት ያገኘ ሰው አላገኘም። ሲያትል ወይም ቴል አቪቭ ያሉ ወላጆች ከታዳጊ ልጆቻቸው ጋር እያነበቡ ክርክሩን በአማርኛ ቢያደርጉት ደግሞ ልጆቹ «ተጠርጣሪ»፣ «ምስክር»፣ «ማስረጃ» የሚሉትን ቃላት ሳይታወቃቸው ይዘው ይወጣሉ።

በጀት

ምንም ሳይከፈል ብዙ ይነበባል። የፖን፣ የኮናን ዶይልን እና የክሪስቲን የመጀመሪያ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማግኘት ይቻላል። ማዳመጥ ለሚመርጥ ሊብሪቮክስ ላይ በፈቃደኞች የተነበቡ አሉ። በሬዲዮ ትረካ ላደግን ሰዎች ይህ ይስማማናል። አዲስ አበባ ውስጥ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም ሆነ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ገብቶ ማንበብ ይቻላል።

ትንሽ ብር ካለ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ጠይቁ። የእንግሊዝኛ የወንጀል ልብ ወለድ በብዛት ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠሩ። ሳታነቡ ቁጠሩ። የመጨረሻ ቅጠሉ የተቀደደ የፍቅር ታሪክ ገምቶ መጨረስ ይቻላል፤ የመጨረሻ ቅጠሉ የተቀደደ የምርመራ ታሪክ ግን ዕድሜ ልክ ያቃጥላል።

ለመጻፍ የተነሳችሁ

ከእንግሊዝ ቤትና ከለንደን ጭጋግ ራቁ። የእኛ ኑሮ ሌላ አገር የማይገኙ ፍንጮች ሞልተውታል። ሰዓታችንን ብቻ ውሰዱ። የሆቴል ጥበቃው «ስምንት ሰዓት ላይ ወጣ» ይላል። የውጭ አገር እንግዳው ማስታወሻው ላይ 8 ብሎ ጽፏል። ሁለቱ የተስማሙ ይመስላሉ። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ስማችንንም ተመልከቱ። በእናት ብቻ የሚገናኙ ወንድምና እህት የአባት ስማቸው ይለያያል። ዝምድናቸው ከመታወቂያ ላይ አይታይም። ቤቱን የሚወርሰው ማን እንደሆነ መርማሪው እስኪያውቅ ድረስ ግማሽ መጽሐፍ ይሄዳል።

የእጅ ስልክ ዋና ጠላታችሁ ነው። ማን የት እንደነበር፣ ለማን እንደደወለ ያሳያል። አትሽሹት። ስልኩን ሌላ ሰው ይዞት ይሆን? ቤት ተረስቶ ነበር? ሁለት ሲም አለው? ካልሆነም ታሪኩን ስልክ ወዳልነበረበት ዘመን ውሰዱት።

የመጀመሪያ ሙከራችሁ የተገለበጠ አጭር ታሪክ ይሁን። እሱን ከጨረሳችሁ በኋላ ወደ ንጹሑ እንቆቅልሽ ስትሄዱ ከመጨረሻው ጀምሩ። ማን፣ እንዴት፣ ለምን የሚለውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ከዚያ በየምዕራፉ አንባቢው ምን እንደሚያይና ምን ብሎ እንደሚተረጉመው ለይታችሁ ጻፉ።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሦስት ሰዎች ስጡት፤ የመጨረሻዎቹን ገጾች ግን አስቀሩ። ማንን ጠረጠራችሁ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስቱም ትክክለኛውን ካሉ ፍንጩ ተጋልጧል፤ ወደ መሃል አሽሹት። ሦስቱም ከሳቱ ቀሪውን ገጽ ስጧቸውና ፊታቸውን እዩ። ወደ ኋላ ገልጠው የዘለሉትን ዓረፍተ ነገር መፈለግ ከጀመሩ አትንኩት። ተደንቀው ዝም ብለው ከተቀመጡ ግን የትኛውን ፍንጭ እንዳልሰጣችኋቸው ለማየት ወደ መጀመሪያው ምዕራፍ ተመለሱ።